አሸዋ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት የጎማ ንፋስ ቀንሱ

ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ይዛችሁ ወደ ዳናኪል፣ ወደ ኤርታሌ አካባቢ የምትወርዱ፣ ልል አሸዋው ጋ ስትደርሱ ቁሙና ከአራቱም ጎማ ንፋስ ቀንሱ። አስፋልት ላይ 35 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ ንፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ከነበረ እስከ 20 ማውረድ ይቻላል። ጎማው ሲለሰልስ መሬት የሚነካው ክፍል ይረዝማል፤ ክብደቱ ስለሚከፋፈል አሸዋውን ከመቆፈር ይልቅ ላይ ላዩን ይሄዳል። ከሰመጣችሁ በኋላ ነዳጅ መርገጥ ጉድጓዱን ማጥለቅ ብቻ ነው። የንፋስ መለኪያና ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ መሙያ ግን የግድ ከቤት ያዙ፤ በረሃው መሀል ጎሚስታ አታገኙም።

ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ እንዳትሞክሩት፤ ስለታም ስለሆነ የለሰለሰውን ጎማ ጎኑን ይቀደዋል። አስፋልት ስትወጡም ሳትሞሉ አትፍጠኑ፣ ጎማው ግሎ ሊፈነዳ ይችላል።