በጉልበት ድጋሚ ቀዶ ጥገና ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ኢምፕላንቱ (የተተከለው ሰው ሠራሽ የጉልበት መገጣጠሚያ) ለምን እንደተበላሸ ሳይታወቅ ታካሚውን ቀዶ ጥገና ክፍል ማስገባት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ኤክስሬይ ላይ የላላ ትሬይ (ቲቢያ፣ ማለትም የቅልጥም አጥንት፣ ላይ የሚቀመጠው የብረት ሳህን) ታየ ማለት ችግሩ ሜካኒካል ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ ኢንፌክሽንም ያላላል። ሲአርፒና ኢኤስአር (ብግነትን የሚያሳዩ የደም ምርመራዎች) አሠሩ፣ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ቅዱ። ኢምፕላንቱ በቆየበት ጉልበት በፈሳሹ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች በማይክሮሊትር ከ3000፣ ከእነሱም ኒውትሮፊል የሚባሉት ከ80 በመቶ ካለፉ ወደ ኢንፌክሽን አስቡ። አንቲባዮቲክ ላይ ያለ ሰው፣ ሁኔታው ከፈቀደ፣ ፈሳሹ ከመቀዳቱ በፊት ቢያንስ 2 ሳምንት ያቋርጥ።

የቀድሞውን የኢምፕላንት ስቲከር (የኢምፕላንቱን ዓይነት የሚናገር መለያ) ፈልጉ። ውጭ አገር ተሠርቶለት የመጣ ታካሚ ብዙ ጊዜ አይዘውም፤ የአንዱ ኩባንያ ፖሊኢትሊን (ትሬዩ ላይ የሚገባው ፕላስቲክ፣ ባጭሩ ፖሊ) ደግሞ በሌላው ትሬይ ላይ አይቆለፍም።

ሲነቀል መጀመሪያ ፖሊው፣ ቀጥሎ ፌመሩ (የጭን አጥንቱ ላይ ያለው ክፍል)፣ በመጨረሻ ቲቢያው (የቅልጥሙ ክፍል)። ቀጭኑ መጋዝ የሚገባው በኢምፕላንቱና በሲሚንቶው መካከል ነው። ዙሪያው ሳይላቀቅ መዶሻ ማንሳት ኮንዳይሉን (የጭን አጥንቱን የታች ጉብታ) ይዞ ይወጣል።

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጣው ግን ይህ ነው፦ ጉልበቱ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ይላላል፣ ሲዘረጋ ልክ ነው። ወፍራም ፖሊ ይገባል። አሁን ጉልበቱ አልዘረጋ ይላል፤ ስለዚህ የጭን አጥንቱ የታች ጫፍ ይቆረጣል። በቃ፣ የመገጣጠሚያው መስመር (ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት ደረጃ) ወደ ላይ ወጣ! ፓቴላው (ጉልበት ፊት ለፊት ያለው ክብ አጥንት) ከመስመሩ አንጻር ዝቅ ብሎ ከፖሊው ጋር ይጋጫል። ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶም ታጥፎም ጽኑ የነበረው ጉልበት በመካከሉ ይዋልላል፤ ታካሚው ደረጃ መውረድ ይፈራል።

ሲታጠፍ በፌመሩና በቲቢያው መካከል የሚሰፋው ክፍተት ምንጩ ፌመሩ ነው። አሮጌው ኢምፕላንት ከጀርባና ከጫፍ አጥንት ይዞ ስለሚወጣ፣ የቀረውን ለክቶ ቁጥር የሚመርጥ ሰው ትንሽ ፌመር ያስገባና የኋላውን ክፍተት ያሰፋዋል። ትልቁን ቁጥር ምረጡ፤ ከኋላ ኦግመንት (የጎደለውን አጥንት የሚተካ ቁራጭ) ሙሉ፤ ጫፉንም በዲስታል (የጫፍ) ኦግመንት፣ 5 ወይም 10 ሚሊሜትር፣ ወደ ታች መልሱ። ቀጥ ያለ ስቴም (አጥንቱ ውስጥ የሚገባ ዘንግ) ፌመሩን ወደ ፊት ከገፋው ክፍተቱ እንደገና ይሰፋል፤ ኦፍሴት (ከመሃል ወጣ ያለ) ስቴም ወደ ኋላ ያመጣዋል። የመገጣጠሚያውን መስመር ከሚዲያል ኢፒኮንዳይል (የጭን አጥንቱ የውስጥ ጎን ጉብታ) በታች ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር፣ ከፊቡላ (ከቲቢያው ጎን ያለው ቀጭን አጥንት) ራስ በላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር አካባቢ ፈልጉት። መጀመሪያ የቲቢያውን መድረክ አቁሙ፣ ቀጥሎ የታጠፈውን ክፍተት፣ ከዚያ የተዘረጋውን አስተካክሉ።

ሂንጅ (ፌመሩንና ቲቢያውን እንደ ማጠፊያ የሚያያይዝ ኢምፕላንት) ያልተስተካከለ ክፍተት መደበቂያ አይደለም። የታጠፈው ክፍተት በጣም ከሰፋ የሂንጁ ፖስት (ሁለቱን የሚያያይዘው ምሰሶ) ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። በሌላ በኩል የውስጡ የጎን ጅማት ጨርሶ ከሌለ፣ ሂንጅ በሌለው ኢምፕላንት ሸክሙ በፖሊኢትሊን ፖስት ላይ ብቻ ይወድቃል፤ ይበላል፣ ይሰበራል። እዚያ ላይ ሂንጅ ተገቢ ነው።

ስቴሙ የሚገጠምበት ቴፐር (ሾጠጥ ያለ መጋጠሚያ) ደም ወይም ስብ ሳይነካው፣ ደርቆ ይመታ።

ፓቴላውን በግድ አትገልብጡ። የፓቴላው ጅማት ቲቢያው ላይ ከተያዘበት መላጥ ከጀመረ ያን ጉልበት መመለስ እጅግ ከባድ ነው፤ ወደ ጎን ማንሸራተት ይበቃል፣ ካልበቃ ኳድሪሴፕስ ስኒፕ (ከፓቴላው በላይ ያለውን የጭን ጡንቻ ጅማት በሰያፍ መቁረጥ) ሥሩ።