መዋኛ ገንዳ ከማስቆፈራችሁ በፊት፦ ግቢ ውስጥ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሥራው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከስልክ ነው። ደንበኛው ስልኩን ያወጣና አንድ ፎቶ ያሳየኛል። ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ ወለል፣ ረጃጅም ዘንባባ። ፎቶው የተነሳው ዱባይ ወይም ማያሚ ነው። የሱ ግቢ ግን ሲኤምሲ ነው። አፈሩ ጥቁር፣ ሌሊቱ ብርድ፣ የቧንቧው ውሃ በፈረቃ።

ፎቶ ማየት ምንም ክፋት የለውም። ግን ፎቶው አፈሩን አያሳይም። ቧንቧውን አያሳይም። ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አያሳይም። ገንዳ ደግሞ የሚበላሸው በዚያ በማይታየው በኩል ነው። አዲስ አበባና ቢሾፍቱ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። አብዛኞቹ በገንዘብ ይስተካከላሉ። አንዱ ግን በምንም አይካስም፤ ስለዚህ ከሱ ልጀምር።

"ግቢው አጥር አለው እኮ" ማለት

የግቢው አጥር የሚጠብቀው የውጭውን ልጅ ነው። የቤቱን ልጅ ማን ይጠብቀዋል? የሳሎኑ በር በቀጥታ ወደ ገንዳው ሲከፈት በፎቶ ያምራል። መራመድ የጀመረ ልጅ ላለበት ቤት ግን በጣም አደገኛ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከሁሉም በላይ የሚገድለው በውሃ መስጠም ነው። ልጅ ሲሰምጥ ብዙ ጊዜ አይጮኽም፣ ውሃውንም አያንቦጫርቅም። ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚያልቀው።

አጥሩ ገንዳውን ራሱን በአራቱም በኩል ይክበበው። ቁመቱ ቢያንስ 1.2 ሜትር ይሁን። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። አግድም የሚሄድ ብረት አታድርጉበት፤ ለልጅ መሰላል ይሆናል። በሩ በራሱ የሚዘጋ፣ መቆለፊያው ደግሞ ልጅ የማይደርስበት ይሁን። አጥሩ ሥር የአበባ ማሰሮ አታስቀምጡ፤ ልጆች ይወጡበታል። አጥሩን በሐረግ መሸፈንም አልወድም። ከማዕድ ቤቱ መስኮት ገንዳው ፍንትው ብሎ መታየት አለበት።

በጣም የምፈራው የክርስትናና የልደት ቀን ነው። ግቢው በሰው ይሞላል። ሁሉም ሌላው ሰው እያየ ነው ብሎ ያስባል። በዚያ ቀን ሥራው ገንዳውን ማየት ብቻ የሆነ አንድ ትልቅ ሰው ይመደብ።

ከገንዳው ሥር ያለው መምጠጫም አለ። አንድ መምጠጫ ብቻ ካለውና ክዳኑ ጠፍጣፋ ከሆነ ፓምፑ የልጅ ገላ ወይም ፀጉር ይዞ ሊያስቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የ7 ዓመቷ ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር የሞተችው እንዲህ ነው። በስሟ የሚጠራው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። ለእኛ ቤት የሚሆነው ትምህርት ቀላል ነው። ሁለት መምጠጫዎች ይኑሩ፣ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፣ ክዳናቸው እንደ ጉልላት ያበጠ ይሁን። ክዳኑ ሲሰበር ነገ እቀይረዋለሁ አይባልም። እስኪቀየር ማንም ውሃው ውስጥ አይግባ።

አፈሩን ሳይጠይቁ መቆፈር

ቦሌ፣ ሲኤምሲ፣ አቃቂ፣ ቃሊቲ አካባቢ ቤት የሠራ ሰው ጥቁሩን አፈር ያውቀዋል። ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በጋ ላይ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ቤት ሲሠራ ሁሉም ስለዚህ አፈር ያስባል። ገንዳ ላይ ሲደርስ ግን "ጉድጓድ አይደል እንዴ" ይባላል። ገንዳው በየዓመቱ ከሚነሳና ከሚወርድ አፈር ጋር ይታገላል። መጀመሪያ ሴራሚኩ ይላቀቃል፣ ቀጥሎ ቧንቧው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይሰነጠቃል። ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ይውጣ፤ በቦታው ጥሩ ሙሌት እየተጠቀጠቀ ይግባ። ስንት ሜትር የሚለውን የአፈር ምርመራ ይንገራችሁ፣ ፎርማን አይገምተው።

ሌላው ብሎኬት ነው። ወጪ ለመቀነስ ግድግዳውን በብሎኬት ሠርተው የሚለስኑ አሉ። እባካችሁ ይቅርባችሁ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። ብሎኬት ይህን ግፊት እንዲሸከም የተሠራ ነገር አይደለም። ወለሉም ግድግዳውም ፌሮ ያለው ኮንክሪት ይሁን። ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ወተር ስቶፕ፣ ማለትም ውሃ እንዳያልፍ የሚከለክል ጎማ፣ ይግባ። ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ገንዳው ተሞልቶ ቢያንስ ሳምንት ይቆይ። ግንበኛው ይቸኩላል፣ እናንተ ግን አትቸኩሉ። የሚያፈስ ገንዳ ሴራሚክ ከለበሰ በኋላ የሚያፈስበትን ቦታ መፈለግ ከባድ ነው።

ከአፈሩም በላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ባዶ ገንዳ እንደ ጀልባ ሊንሳፈፍ ይችላል።

ከዓመታት በፊት በከተማው ምሥራቅ በኩል አንድ ግቢ ውስጥ የአትክልቱን ሥራ ሠርቼ ነበር። ባለቤቶቹ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለአዲስ ዓመት አጥበን እንሙላው ብለው ገንዳውን አደረቁት። ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት የገንዳው አንድ ጠርዝ አራት ጣት ያህል ተነስቶ አገኙት። ቧንቧው ተቆርጧል፣ ዙሪያው ወለል ተገንጥሏል። እዚያ ቤት ወራት ሙሉ ስመላለስ የከርሰ ምድር ውሃው የት ድረስ እንደሚወጣ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ዛሬም ይቆጨኛል።

ሒሳቡን እንሥራው። 8 በ4 ሜትር የሆነ ገንዳ ወለሉ 32 ካሬ ሜትር ነው። ከወለሉ ግርጌ አንድ ሜትር ከፍ ያለ ውሃ ዙሪያውን አፈር ውስጥ ካለ፣ ገንዳውን ወደ 32 ቶን በሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል። ግድግዳውና ወለሉ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካላቸው፣ የኮንክሪቱ ክብደት ራሱ 33 ቶን አካባቢ ነው። የአፈሩ ውሃ ትንሽ ከፍ ካለ ኮንክሪቱ ብቻውን አይበቃም። ገንዳውን ይዞት የነበረው በውስጡ ያለው ውሃ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በክረምት ገንዳ አታድርቁ። ከወለሉ ሥር የጠጠር ንጣፍና ውሃ የሚያወጣ ቧንቧ ይግባ። ግፊቱ ሲበዛ በራሱ የሚከፈት ቫልቭም ወለሉ ላይ ይገጠም። ኮንክሪት ሳይፈስ በፊት ከሆነ ወጪው ትንሽ ነው።

ትልቅ ማድረግ

ያው 8 በ4 ሜትር ገንዳ፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.4 ሜትር ቢሆን፣ 45 ሺህ ሊትር አካባቢ ይይዛል። ባለ አንድ ሺህ ሊትር 45 ሮቶ ማለት ነው። 12 በ6 አድርጋችሁ ጥልቀቱን 1.8 ብታደርጉት ወደ 130 ሮቶ ይደርሳል። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ይህ በቦቴ የሚገዛ ውሃ ነው። አንዴ ሞልታችሁ አትገላገሉም። በጋ ላይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተንን፣ ከትንሹ ገንዳ በወር ወደ 5 ሮቶ ይሄዳል።

ጥልቀትም ቢሆን ያው ነው። ቤተሰብ ገንዳ ውስጥ ይጫወታል፣ ይቆማል፣ ያወራል፣ ትንሽ ይዋኛል። ከ1.1 እስከ 1.5 ሜትር ይበቃል። ዘሎ መግባት የሚፈልግ ጎረምሳ ካላችሁ ግን እዚህ ጥልቀት ውስጥ በጭንቅላት መግባት ክልክል መሆኑን ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩት። አንገት ይሰበራል።

ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ቦታ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ውሃው ከሐይቁ ጋር የተገናኘ የሚመስል፣ አንድ ጠርዙ የማይታይ ገንዳ ይፈልጋሉ። እውነቱን ለመናገር ልብ ይሰርቃል። ግን ከጠርዙ የሚፈሰውን ውሃ የሚቀበል ሌላ ገንዳ ከሥሩ ያስፈልገዋል፣ ፓምፑም ይጨምራል። ሲፈስ ነፋስ ስለሚያገኘው የሚተነው ውሃም ይበዛል። ይህን አውቃችሁ ከሆነ ሥሩት።

ሌሊቱን መርሳት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ማታ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ውርጭ ውሃውን በረዶ ያስመስለዋል። ብዙ ገንዳዎች ከተመረቁ በኋላ ሰው የማይገባባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

"ቦይለር እናስገባለን" የሚል መልስ እሰማለሁ። 45 ሺህ ሊትር ውሃ በ8 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 420 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ባለ 2 ኪሎ ዋት የሻወር ቦይለር ምንም ሙቀት ባይባክን እንኳ ቀንና ሌሊት ወደ 9 ቀን ይሠራል። የሂልተን አዲስ አበባን መዋኛ አትመልከቱ፤ እሱ ከመሬት በሚወጣ ፍል ውሃ ነው የሚሞቀው።

የሚያዋጣው ሌላ ነው። ገንዳው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ላይ ይሁን። የጎረቤት ጂ+2 ጥላውን ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚጥል ቆማችሁ እዩ። በነፋሱ በኩል ግንብ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ተክል ይኑር። ማታ ማታ በፕላስቲክ ሽፋን ይሸፈን። ሽፋኑ ትነቱንም ሙቀት ማምለጡንም ይቀንሳል። ገንዘብ ከተረፈ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ማሞቂያ ይጨመር። ሽፋኑ ሳይኖር ማሞቂያ መግዛት ግን ብር ማባከን ነው።

ዛፍና ተክል ያለ ቦታው

ጎንደር ሄዶ ፋሲል መዋኛን ያየ ሰው ሥር ምን እንደሚያደርግ አይቷል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለው ግንብ ላይ የዛፎቹ ሥሮች እንደ ጣት ተዘርግተው ድንጋዩን አቅፈው ይዘውታል። እዚያ ውበት ነው። እናንተ ግቢ ውስጥ ግን ያ ሥር የሚያቅፈው የገንዳውን ቧንቧ ነው። ባህር ዛፍ፣ ዋርካ፣ ቀርከሃ ከገንዳ ይራቁ። ሥራቸው እርጥበት እየተከተለ ይሄዳል።

ቅጠሉም የራሱ ጣጣ አለው። ግራቪሊያ ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ ያራግፋል። የግራር ቅጠል ደቃቅ ስለሆነ ከውሃው ላይ ቆሻሻ በሚሰበስበው ስኪመር ቅርጫት ሾልኮ ፊልተሩ ውስጥ ይገባል። ጃካራንዳ ሲያብብ የማይወደው የለም፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ከመንገዱ ዳር ይተከል። ቦጋንቪላ እሾህ አለው፣ በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ይወጋል። የጥብስ ቅጠልና ላቬንደር ሽታቸው ደስ ይላል፣ ንብም ይወዳቸዋል፤ ጥቂት ሜትር ራቅ ይበሉ።

እኔ የምመርጠው ኮባን ነው። ቅጠሉ ትልቅ ስለሆነ ቢወድቅ በእጅ ይነሳል። ብዙ ሰው ከዱባይ ፎቶ የሚፈልገውን ያንን የቆላ መልክም ይሰጣል። ከሥሩ አጋፓንተስ ቢተከል በቂ ነው። ሣሩን እስከ ገንዳው አፍ አታምጡት። ቢያንስ አንድ ሜትር ንጣፍ በመካከል ይኑር፤ አለዚያ እግር ሁሉ ጭቃና ሣር ይዞ ይገባል።

የሚያንሸራትት ወለል

የሚያብረቀርቅ ሴራሚክና የተወለወለ እብነ በረድ ሳሎን ውስጥ ይቅሩ። ገንዳ ዳር ሸካራ ድንጋይ ነው የሚያስፈልገው። ጥቁር ድንጋይ ጠንካራ ነው፣ ግን ቀትር ላይ እግር ያቃጥላል፤ ስለዚህ ቀለል ያለ ቀለም ያለው ይሻላል። ወለሉ ከገንዳው ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ያዘቅዝቅ። የተገላቢጦሽ ከሆነ የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ይዞ ገንዳው ውስጥ ይገባል።

ፓምፑንና መብራቱን ለመጨረሻ መተው

ፓምፑ የገንዳውን ውሃ በሙሉ ከ6 እስከ 8 ሰዓት በሚፈጅ ሥራ አንዴ አጣርቶ መጨረስ አለበት። ለ45 ሺህ ሊትር በሰዓት ከ5.6 እስከ 7.5 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ክፍሉ ሰው ቆሞ የሚሠራበት ይሁን። ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ፓምፕን ማንም አይንከባከበውም። የውሃ ውስጥ መብራት ባለ 12 ቮልት ብቻ ይሁን፣ 220 ውሃው አጠገብ አይድረስ። መስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያቋርጥ ብሬከር ይግባ። ይህን ሥራ ለሚያውቀው ኤሌክትሪሽያን ስጡት።

ክሎሪኑን ከመሸ በኋላ ጨምሩ። የእኛ ፀሐይ ኃይለኛ ናት፣ ቀን የተጨመረውን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ትበላዋለች። መጠኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.8 ይሁን። መለኪያው ትንሽ ዕቃ ነው፣ ግዙት። በዓይን አይገመትም።

ግቢውን ሙሉ ለገንዳ መስጠት

የእኛ ግቢ ብዙ ሥራ አለበት። በርበሬ ይሰጣበታል። በግ ይታረድበታል። ሰርግም ለቅሶም ሲመጣ ድንኳን ይጣልበታል። ፎቶው ላይ ያለው የማያሚ ግቢ ይህን ሁሉ አያውቅም። ስለዚህ ደንበኞቼን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ቁፋሮ ሳይጀመር ገንዳው የሚያርፍበትን ቦታ በኖራ አስምሩ። ዙሪያውን ገመድ ወጥሩበት፣ አጥሩንም ጨምራችሁ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ኑሩበት። መኪናው ይግባና ይውጣ፣ ልብስ ይሰጣ፣ ልጆቹ ኳስ ይጫወቱ፣ እንግዳ ይምጣ። አንዲት እናት በሦስተኛው ቀን ደውለውልኝ "ልጄ፣ ድንኳኑ የት ሊቆም ነው?" አሉኝ። ገንዳውን ወደ ጓሮ አዙረን በ2 ሜትር አሳጠርነው።