ከበሮ ስትጀምሩ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው፦ ለድሬና ለሐረር ጀማሪዎች

ከበሮ የጀመረ ሰው ሳምንት ሳይሞላው «አቦ፣ እጄ እንጨት ነው፣ ምት የለኝም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለም። ችግሩ ከሦስት ቦታ ይመጣል፤ ከቆዳው፣ ከእጁ ወይም ከጆሮው። እዚህ እኛ ጋ፣ ድሬዳዋና ሐረር ላይ፣ ቆዳው የሚያመጣው ጣጣ ቀላል አይደለም። ተማሪው ግን በራሱ ላይ ይፈርዳል፤ አንዳንዱም ሳይገባው ይተወዋል። ይሄ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ከበሮውን ለሚችል ሰው ስጡት። እሱም መትቶት ድምፁ እምቢ ካለ ቆዳው ነው። እሱ ሲመታው አምሮ እናንተ ጋ ከጠፋ እጅ ነው። ድምፁ ጥሩ ወጥቶ ከዘፈኑ ጋር ካልገጠመ ጆሮ ነው። የሚችል ሰው ካጣችሁ ደግሞ የቆዳውን ዳር ዳር በአንድ ጣት ዙሪያውን ነካ ነካ አድርጉት። ድምፁ ዙሪያውን ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ ዝቅ ካለ እዚያ ጋ ላልቷል ማለት ነው።

የምጽፈው ለባህላዊው ባለ ሁለት ፊት ከበሮና ከውጭ ለመጡት ባለ አንድ ፊት የእጅ ከበሮዎች፣ ለጀምቤ፣ ለኮንጋና ለደርቡካ ነው። የማኅሌቱ ከበሮ የራሱ ሥርዓትና የራሱ መምህር ስላለው እሱን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ።

«ሐረር ላይ ደህና ነበር፤ ድሬ ሲወርድ ተበላሸ»

የአካባቢያችን ዋናው ችግር ይሄ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። ደንገጎን ወርዳችሁ ድሬ ስትገቡ ሙቀቱ ፊታችሁን እንደሚመታው ሁሉ ቆዳውንም ይመታዋል። ቆዳ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ ሲጠጣ ይላላል። ደረቅ ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ የያዘውን እርጥበት ይለቅና ይሸመቀቃል። ስለዚህ ሐረር ላይ ወፍራም ድምፅ የነበረው ከበሮ ድሬ ላይ ይቀጥናል፤ እንደ ባዶ ጣሳ ይንኳኳል። ሲብስ ይሰነጠቃል። ከድሬ ወደ ሐረር ሲወጣ ተቃራኒው ይሆናል፤ በተለይ ክረምት ላይና ማታ ማታ ድምፁ ይሞታል።

ድሬ ላይ መፍትሄው ጥላ ነው። ከበሮውን ፀሐይ ላይ፣ በቆመ ባጃጅ ውስጥ፣ የመኪና ኮፈን ውስጥ ወይም ፀሐይ የሚያግለው ቆርቆሮ ግድግዳ ሥር አታስቀምጡት። ጨርቅ አልብሳችሁ ከቤቱ ቀዝቀዝ ያለው ጥግ አኑሩት። ጀምቤ ከሆነ ለብዙ ቀን ካልመታችሁት ገመዱን ትንሽ አላሉት። በጠፍር የተወጠረውን ባህላዊ ከበሮ ግን በየጊዜው ማላላት አይመችም። ለሱ ንጹህ ጨርቅ ውሃ ነክራችሁ ጠብ እስከማይል ድረስ ጭመቁት። ከዚያ ቆዳው ላይ አንድ ሁለቴ ብቻ አሳልፉት። ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። በጣታችሁ ጫፍ መሃሉን እየነካካችሁ አዳምጡ፤ ጣ ጣ ይል የነበረው ቀስ በቀስ ወፈር እያለ ይመጣል። ካልበቃው ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙ። ውሃ ማርከፍከፍ ግን ቆዳውን ያበላሸዋል።

ሐረር ላይ ለላላ ቆዳ የጠዋት ፀሐይ ለጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ማታ ከሆነ ቡና ከተፈላ በኋላ የቀረው ፍም ጥሩ ነው። ከበሮውን ከፍ አድርጋችሁ እያሽከረከራችሁ አሙቁት። መዳፋችሁን ከቆዳው ጋር አብራችሁ ያዙ፤ እጃችሁ ያልቻለውን ሙቀት ቆዳውም አይችለውም። ባህላዊው ከበሮ ላይ ሁለቱ ፊቶች በአንድ ጠፍር ስለተሳሰሩ ሁለቱንም አሙቁ። አንዱን ብቻ ካሞቃችሁ ውጥረቱ ይዛነፋል።

አንድ ነገር አደራ። ማታ ሐረር ላይ «ቆዳው ላላ» ብላችሁ ጀምቤውን በደንብ ወጥራችሁ ጠዋት ድሬ አታውርዱት። በገመድ የተወጠረው ላይ ሙቀቱ ተጨማሪ ሲወጥር ቆዳው ሊፈነዳ ይችላል። ሰርግ ካለባችሁ በዋዜማው ውረዱ፣ ከበሮው አንድ ሌሊት አየሩን ይልመድ፣ ከዚያ ውጠሩት።

ድሬ ላይ የሚማር ልጅ «ባለ ፕላስቲክ ፊት ብገዛስ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ግዛ ነው የምለው። ድምፁ የቆዳውን ያህል አይሞቅም። ለልምምድ ግን ይበቃል፣ በየቀኑም አይለዋወጥም። ጀማሪ ሰው ድምፁ ሲቀያየር እጁ ይሁን አየሩ መለየት ስለሚያቅተው ይሄ ትልቅ እረፍት ነው።

«ዱሙ አይወጣም»

ዱም የምንለው ወደ መሃል ሲመታ የሚወጣው ወፍራም ድምፅ ነው። ጀምቤ ከሆነ ታችኛው አፉ ወለሉ ላይ ተደፍኖ እንደሆነ እዩ፤ ዱሙ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ዘንበል አድርጋችሁ በጭናችሁ ያዙት። ባህላዊ ከበሮ ከሆነ ሁለተኛውን ፊት ጭናችሁ ወይም ሆዳችሁ አፍኖት ይሆናል። በማንገቻው አንጠልጥሉት ወይም አጋድማችሁ ሁለቱንም ፊት ነፃ አድርጉ።

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎም ካልወጣ እጃችሁ ቆዳው ላይ እየቀረ ነው። ቆዳው ካልተርገበገበ ድምፅ የለም። መምታትና ማንሳት አንድ እንቅስቃሴ ይሁን። ጉልበት መጨመር አይረዳም፤ የክንዳችሁ ክብደት ብቻውን ይበቃል።

«ሁሉም ምቴ አንድ ዓይነት ነው የሚሰማው»

ባህላዊው ከበሮ ላይ ሥራው ቀለል ይላል። ሰፊው ፊት ወፍራሙን፣ ጠባቡ ፊት ቀጭኑን ድምፅ ይሰጣል። ጀምቤና ኮንጋ ላይ ግን ልዩነቱን የሚያመጣው እጃችሁ ነው።

እጃችሁን ዘርግታችሁ ቆዳው ላይ አሳርፉ። ከጣቶቻችሁ ሥር፣ መዳፋችሁ ላይ፣ ወፈር ያለ የሥጋ መስመር አለ። እሱ ልክ ጠርዙ ላይ ይዋል። አውራ ጣታችሁን ወደ ውጭ ገለል አድርጉት፤ ጠርዙን ከመታ ያማል። አሁን ጣቶቻችሁን ገጥማችሁ ምቱ። ክብ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይወጣል። ከዚያ ቦታውን ሳትለቁ ጣቶቻችሁን ላላ አድርጉና ጫፋቸው ብቻ ቆዳውን ይግረፈው። ይሄ ስላፕ የሚሉት ነው። ለዱም ደግሞ እጃችሁን ወደ መሃል አስገብታችሁ በሙሉ መዳፍ ምቱ።

ስላፕ ቶሎ አይመጣም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዱሙንና ክቡን ድምፅ ብቻ ለዩ። ስላፕ ካልወጣልኝ ብሎ በኃይል የሚደበድብ ሰው ጣቱን ይጎዳል።

«እጄን ያመኛል»

ቀለበትና አምባር አውልቁ። ቀለበት ጣትንም ቆዳንም ይጎዳል፤ ጣት ሲያብጥ ደግሞ አልወጣም ይላል።

መዳፍ መቅላትና መሞቅ መጀመሪያ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ቶሎ ይበርዳል። ውሃ ከቋጠረ አታፍርጡት፣ እስኪድን እረፉ። መገጣጠሚያን የሚጠዘጥዝ ወይም ጣትን የሚያደነዝዝ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ወዲያው አቁሙ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አቀማመጥ ነው። ወንበሩ ዝቅ ሲል የእጅ አንጓ ይታጠፋል፣ ትከሻም ወደ ጆሮ ይወጣል። ክንዳችሁ ከከበሮው ፊት ከፍ እንዲል ከፍ ያለ ወንበር ፈልጉ። በአንድ ጊዜ 15 ወይም 20 ደቂቃ መትቶ ማረፍ ለጀማሪ በቂ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። በባዶ እጅ ለረጅም ሰዓት በኃይል ሲመታ መዳፍ ውስጥ የሚያልፉ ቀይ የደም ሴሎች ሊሰባበሩ ይችላሉ። ያኔ ሽንት ይቀላል ወይም ይጠቁራል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። ካያችሁት ግን መምታቱን አቁሙ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሌላ በሽታም ሊሆን ስለሚችል ዝም አይባልም።

«ችክችካ ሲመጣ ምቴ ያነክሳል»

ይሄን በደንብ ላስረዳ፤ ብዙ ተማሪ የሚቆመው እዚህ ነው።

ችክችካ የሚባለው የጭፈራ ምት በስድስት ይቆጠራል። ክብደቱ 1 እና 4 ላይ ያርፋል። እጃችሁን እያፈራረቃችሁ ስትመቱ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ይሆናል። ቁጠሩት። 1 ቀኝ እጅ ላይ ይወድቃል፤ 4 ግን ግራ እጅ ላይ ነው። ቀኝ እጃችሁ 1ን ጠብቆ ይመታል፣ ደካማው ግራ 4ን ያሳንሰዋል። አድማጭ የሚሰማው አንድ ጠንካራና አንድ ደካማ እግር ነው። ምት ስለሌላችሁ አይደለም፤ የግራ እጅ ድካም ነው የተጋለጠው። በአራት በሚቆጠር ዘፈን ላይ ከባዱ ምት ሁሌ ቀኝ እጅ ላይ ስለሚያርፍ ይሄ ድካም ተደብቆ ይኖራል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ስድስቱንም በጣም ዝቅ አድርጋችሁ፣ ቆዳውን ለመንካት ያህል ብቻ፣ እያፈራረቃችሁ ምቱ። 1ን እና 4ን ብቻ ከፍ አድርጉ። ሲለመድ ከግራ ጀምሩ፤ አሁን 1 የግራ እጅ ሥራ ይሆናል። ብዙ ሰው ከግራ ሲጀምር ይጠፋበታል። እዚያ ላይ ቆዩ። ሁለቱም አጀማመር ዓይን ጨፍኖ ለሚያዳምጥ ሰው አንድ ሲሆን ማንከሱ ለቋል።

ቀጥሎ ከበሮውን አስቀምጡና በእግራችሁ 1 እና 4ን ርገጡ፣ በእጃችሁ 1፣ 3 እና 5ን አጨብጭቡ። እግር ሁለት ሲል እጅ ሦስት ይላል። በብዙ የሀገራችን ዘፈን ውስጥ ይሄ ትግል አለ፤ ጭፈራውን የሚያሞቀውም እሱ ነው። መጀመሪያ ይምታታል። ቀስ ብላችሁ፣ ጮክ ብላችሁ እየቆጠራችሁ ሥሩት።

«እየመታሁ ሳላውቀው ይፈጥናል»

ደስ ሲላችሁ ትፈጥናላችሁ፤ ትንፋሻችሁን ስትይዙም ትፈጥናላችሁ። እየመታችሁ ዝፈኑ። የሚዘፍን ሰው መተንፈስ ግድ ነው። ስልካችሁ ላይ ሜትሮኖም፣ ማለትም እኩል ምት የሚቆጥር መተግበሪያ፣ ጫኑና በደቂቃ 60 ምት ላይ ጀምሩ። ራሳችሁንም ቅዱ፤ ሲመቱ የማይሰማው ሲቀዳ ይሰማል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሰው መሃል መቀመጥ ነው። በዚህ በኩል ሐረሮች የታደሉ ናቸው። ዚክሪ በሚባለው መንፈሳዊ ዝማሬ ላይ ካራቡ የሚባለው ከበሮ ብቻውን አይጓዝም፤ ከበል የሚባለው የእንጨት ማጨብጨቢያ ከጎኑ አለ፣ የሕዝቡም ድምፅ አለ። ብዙ እጅ አንድ ላይ ሲመታ አንድ ሰው ለብቻው መሮጥ ያቅተዋል። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሐረሪዎች በዓል፣ ሹዋሊድ፣ ሲከበር ሄዳችሁ አዳምጡ። የከበሮውን ጌጥ ተዉትና ከበሉን ብቻ ተከተሉ። ቤት ስትመለሱ በጭብጨባ ጀምሩ። ጭብጨባችሁ ሳይዛነፍ ከቆየ እጃችሁን ወደ ከበሮው አምጡት።

«ሰርግ ላይ ስገባ ጠፋሁ»

ብዙ ስለመታችሁ ነው። የቻላችሁትን ሁሉ ለማሳየት አትቸኩሉ። 1ን ብቻ ምቱ። ጨፋሪው እግሩን የሚጥልበትን እዩ። ከገጠማችሁ በኋላ 4ን ጨምሩ። ሌላ ሰው ከበሮ ይዞ ካለ እሱን ተከተሉ፤ እሱ ያቆመውን ምት እናንተ አትቀይሩበት። ትልልቅ ሰዎች የሚመቱ ከሆነ አስፈቅዶ መግባትም ወግ ነው።

«ጎረቤት ተማረረ»

ጀጎል ውስጥ ግድግዳው የጋራ ነው፤ ጎረቤታችሁ እውነት አለው። ቆዳው ላይ ወፈር ያለ ፎጣ አልብሱ፣ ወይም ጭናችሁ ላይ ትራስ አድርጋችሁ ተለማመዱ። እጅ ለማፍታታት ትራስ ይበቃል። አዛን ሲል፣ ለቅሶ ሲኖር፣ ድሬ ላይ ሰው በሚያርፍበት የቀትር ሰዓትም አትምቱ። በዐቢይ ጾም ቤተ ክርስቲያንም ከበሮዋን ስለምታሳርፍ ጾመኛ ጎረቤት ካላችሁ ያን ጊዜ በትራስ ማለፍ ጥሩ ነው።

ድሬ ላይ አንዳንድ ልጆች ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ወርደው ይመታሉ። በበጋ ምንም አይደል። ክረምት ላይ ግን ተዉት። ከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ድንገት ይደርሳል። በ1998 ክረምት በዚያ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል።

«ዝዝዝ የሚል ድምፅ አለው»

አንድ ሰው እየመታ እናንተ ጣታችሁን በየቦታው ጫን አድርጉ። ቆዳውን የያዘውን የከበሮውን ቀለበት ስትጫኑት ከጠፋ ቀለበቱ ላልቷል። ገመዱን ወይም ማንገቻውን ስትይዙት ከጠፋ አጥብቃችሁ እሰሩት። እንጨቱ ላይ የተሰነጠቀ ቦታ ስትጫኑ ከጠፋ ወደ እንጨት ሠራተኛ ውሰዱት፤ ስንጥቁ ሳይሰፋ በሙጫ ይያዛል። ቆዳው ራሱ ጠርዙ ላይ ከተቀደደ ግን ሙጫም ስፌትም አይይዘውም። አዲስ ቆዳ አስወጥሩ፤ ካስወጠራችሁም በኋላ ጥላ ውስጥ በደንብ እስኪደርቅ ድረስ አትምቱት።