ስሙ የጠፋባችሁን የልጅነት ፊልም እንዴት ታገኙታላችሁ (ያንን ማየት ያልነበረባችሁን)

መቼም ሁሉም ሰው ጋ አንድ እንዲህ አይነት ፊልም አለ። ስሙን አያውቀውም፣ ማን እንደሰራው አያውቅም፣ ሲጀምር ምን እንደነበር አያስታውስም፣ ግን የሆነች ነገሩ ከጭንቅላቱ አትወጣም፣ ወይ እጅ ሲቆረጥ ነው፣ ወይ አሻንጉሊት ቢላ ይዞ ሲሮጥ ነው፣ ወይ እባብ ሰው ሲውጥ። በስምንት በዘጠኝ አመት መታየት ያልነበረበት ነገር ታይቶ ሌሊቱን ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ የታደረበት ማለት ነው። አሁን ግን ስልኩ ኪሳችን ውስጥ ነው፣ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፣ ችግሩ አብዛኛው ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው ከታሪኩ ነው። "አባቱን የገደሉበት ልጅ አድጎ የሚበቀልበት" ብላችሁ ጎግል ላይ ብትጽፉ የቦሊውድን ግማሽ ነው የሚዘረግፍላችሁ። ልጅ ሆናችሁ ታሪኩን አልተከታተላችሁም እኮ፣ ቋንቋውም አይገባችሁም ነበር፣ ያያችሁት እቃ እና አካል ነው፣ ጫማ፣ ጠርሙስ፣ አይን፣ ጥርስ ምናምን። ፍለጋውም ከዛ ነው መጀመር ያለበት።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ለዩ፣ በእርግጥ አይታችሁታል ወይስ ተወርቶላችሁ ነው?

አትሳቁ። በኛ ጊዜ ፊልም ግማሹ የሚታየው በጆሮ ነበር። አንዱ እድለኛ ሳንቲም አግኝቶ ቪዲዮ ቤት ይገባል፣ በማግስቱ አጥር ስር ሰብስቦን ከነድምጹ ያወራልናል፣ "አክተሩ ዘሎ ድሽ! ሲለው፣ ከዛ ዋናው ቦስ ከኋላ መጣ፣ ከዛ…" እያለ፣ ደግሞ አውሪው የራሱን ሳይጨምር አያድርም፣ አንዳንዴ ሁለት ፊልም አንድ አድርጎ ነው የሚያወራው። መለያው እንዲህ ነው፣ አይናችሁን ጨፍኑና ያንን ቦታ አስታውሱት። አብሮት አግዳሚው፣ የሲጋራው ጭስ፣ በሩ ላይ ያለው መጋረጃ በተገለጠ ቁጥር ስክሪኑ ላይ የሚያርፈው ብርሃን፣ ከፊታችሁ የተቀመጠው ሰውዬ ጭንቅላት የሚመጣላችሁ ከሆነ አይታችሁታል። ምስሉ በጣም ጥርት ያለ ከሆነና አክተሩ የሰፈራችሁን ጎረምሳ የሚመስል ከሆነ ግን ያው ተወርቶላችሁ ነው፣ እና ፊልሙን ሳይሆን አውሪውን ነው መፈለግ ያለባችሁ። ፌስቡክ ላይ አይጠፋም።

ቀጥሎ ማሽኑ

በምን እንዳያችሁት ካወቃችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። በደክ ከሆነ፣ ማለቴ በካሴት፣ ፊልሙ የ70ዎቹ፣ የ80ዎቹ ወይም የ90ዎቹ ነው (በፈረንጅ)። በቪሲዲ ከሆነ አንዱ ሲዲ የሚይዘው 74 ወይ 80 ደቂቃ ያህል ስለሆነ አንድ ፊልም በሁለት ሲዲ ነበር የሚመጣው፣ ስለዚህ መጨረሻው ትዝ የማይላችሁ ረስታችሁት ላይሆን ይችላል፣ ሁለተኛው ሲዲ ተቧጭሮ ነው፣ እዚህ ቤት ሁለተኛው ሲዲ ሁሌም ተቧጭሯል። በዲሽ ከሆነና ከስር አረብኛ ጽሁፍ ይሮጥ ከነበረ ምናልባት ኤምቢሲ 2 የሚባለው የአረብ የፊልም ቻናል ነው፣ እሱ ደግሞ የጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፣ መሳሳምና አልጋ ነገር ሲመጣም ይቆርጠው ስለነበር በድንገት ሰዎቹ ለብሰው ቁርስ ሲበሉ የምታስታውሱ ከሆነ ከዛ ነው ያያችሁት።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፣ ዘመን አቆጣጠር። "በ85 ነው ያየሁት" ትሉና የ1985 ፊልም ትፈልጋላችሁ፣ ግን የኛ 1985 በፈረንጅ 1992 እና 93 ነው። የሰባት ስምንት አመቱን ልዩነት ሳትጨምሩ ፍለጋ አትጀምሩ። ደግሞ ፊልም እኛ ጋ በወጣበት አመት አይደርስም ነበር፣ አንዳንዱ ካሴት እየተገለበጠ እየተገለበጠ አስር አመትም ቆይቶ ይመጣል፣ ስለዚህ ያያችሁበት አመት የሚነግራችሁ "ከዚህ ወዲህ አልተሰራም" የሚለውን ብቻ ነው፣ ወደ ኋላ ሃያ አመት ክፍት አድርጋችሁ ፈልጉ።

አክተሩን ካወቃችሁት

አክተሩን ማወቅ ብቻውን አያድናችሁም። ለምሳሌ "ቫንዳም ሁለት ሆኖ የሰራበት" የሚል ሰው ሞልቷል፣ ግን ሰውዬው ሁለት የሆነባቸው ፊልሞች ራሳቸው ብዙ ናቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች ሆንግ ኮንግ ላይ በህጻንነታቸው ተለያይተው አድገው ተገናኝተው አብረው የሚደባደቡ ከሆነ ደብል ኢምፓክት ነው፣ 1991። አንደኛው መጀመሪያውኑ ሞቶ ሌላኛው ፖሊስ የሱን ኮቴ ተከትሎ ኒውዮርክ የሚሄድ ከሆነ ማክሲመም ሪስክ ነው፣ 1996። አንዱ ነፍሰ ገዳይ ሌላኛው ከሱ የተሰራ፣ እንደ ህጻን ምንም የማያውቅ ከሆነ ሬፕሊካንት፣ 2001። በጊዜ ወደኋላ ተመልሶ ራሱን የሚያገኝ ከሆነ ደግሞ ታይምኮፕ፣ 1994። ካራቴውንም እንዲሁ እናምታታዋለን፣ አይኑ ውስጥ ዱቄት በትነውበት ሳያይ የሚጣላበት ብለድስፖርት ነው (1988)፣ እጃቸው ላይ ስብርባሪ ጠርሙስ ለጥፈው የሚጣሉበት ደግሞ ኪክቦክሰር (1989)፣ ሁለቱን እንደ አንድ ፊልም የሚያወራ ሰው ካጋጠማችሁ አትጣሉት፣ ቪዲዮ ቤት አከታትለው ስላሳዩት ነው።

አስፈሪዎቹም ቁጥር አላቸው። አሻንጉሊቱ ቻኪ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ግን የትኛው? ልጁ ትንሽ ሆኖ ከእናቱ ጋር የሚኖር ከሆነ የ1988ቱ ነው፣ መጨረሻው አሻንጉሊት ፋብሪካ ውስጥ ከሆነ ሁለተኛው (1990)፣ ወታደር ትምህርት ቤት ከሆነ ሶስተኛው (1991)፣ ሴት አሻንጉሊት መጀመሪያ የመጣችው ደግሞ በ1998ቱ ነው። እባቡም እንደዛው፣ የተዋጠው ሰውዬ ተመልሶ ተተፍቶ አይኑን የሚጠቅስበት የ1997ቱ አናኮንዳ ነው። ይቺን አይን መጥቀስ ስነግራቸው ስንት ሰዎች "አዎ! እሱ ነው!" እንዳሉኝ፣ እውነትም ለልጅ ከመዋጡ ይልቅ መጥቀሱ ነው የሚያስፈራው።

ምስክር አሰባስቡ፣ ለየብቻ

አብረዋችሁ ያዩትን እህት ወንድም፣ የሰፈር ልጅ፣ አሁን ዲሲም ይሁን ዱባይም ይሁን፣ ደውሉላቸው። ግን የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ አትጠይቁ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው "አዎ አዎ" ይላል በቃ። ለየብቻ ጠይቁ፣ የናንተን ትዝታ ሳትነግሩ። ልዩነት ሲመጣ ደግሞ ቶሎ አትፍረዱ። እኛ ቤት ስለ አንድ የህንድ ፊልም በየበዓሉ ጭቅጭቅ ነበር፣ ያ ጋቢ መሳይ ነገር ለብሶ የሚዞረውና በኋላ ሁለት እጁ እንደሌለ የሚታወቀው ሰውዬ ያለበት። እህቴ "በጫማው ረግጦ ረግጦ ነው ሽፍታውን የገደለው" ትላለች፣ ወንድሜ "ኧረ ባክሽ፣ ፖሊስ ደርሶ ነው የገላገለው፣ አንቺ እንቅልፍ ወስዶሽ ነው"፣ እሷ "እኔ ነኝ እንቅልፍ የወሰደኝ? አንተ አይደለህ እማዬ ቀሚስ ውስጥ ተደብቀህ የነበርከው"። ፊልሙ ሾሌይ ነው፣ 1975። የህንድ ሳንሱር የመጀመሪያውን መጨረሻ አልፈቅድም ስላለ ፖሊስ የሚደርስበት ሌላ መጨረሻ ተቀርጾ ሲኒማ የገባው እሱ ነበር፣ ሰውዬው በጫማው የሚገድልበት ደግሞ በኋላ በካሴትና በዲቪዲ ወጣ። ሁለቱም ልክ ነበሩ ማለት ነው፣ የተለያየ ኮፒ ነው ያዩት። ይሄን ስነግራቸው ይታረቃሉ ብዬ ነበር፣ አሁን ደግሞ የቱ ይሻላል ብለው ነው የሚጨቃጨቁት።

አሁን ፍለጋው

አይኤምዲቢ (IMDb) የሚባል የፊልሞች መረጃ ያለበት ድረ ገጽ አለ፣ እዛ ላይ እያንዳንዱ ፊልም ስር "ፓረንትስ ጋይድ" የሚባል ክፍል አለ። ለወላጅ ታስቦ የተሰራ ነው፣ ደም የት ጋ እንዳለ፣ ማን እንዴት እንደሚሞት፣ ልብስ የት ጋ እንደሚወልቅ አንድ በአንድ ተዘርዝሮ ይጻፋል። እንግዲህ እኛን ያስፈራን ነገር ሁሉ የሚገኘው እዛው ነው፣ የፊልሙ ማጠቃለያ ላይ አታገኙትም። ስለዚህ ጎግል ላይ ያያችሁትን ትእይንት በእንግሊዝኛ አጠር አድርጋችሁ ጻፉና "ፓረንትስ ጋይድ" የሚለውን በእንግሊዝኛ (parents guide) ጨምሩበት፣ ይገርማችኋል። እዛው አይኤምዲቢ ላይ በኪይወርድም፣ ማለቴ በቁልፍ ቃል፣ መፈለግ ይቻላል፣ እቃውንና አካሉን አስገቡ፣ አመቱን ከላይ በነገርኳችሁ መንገድ ገድቡት።

ካልሆነ ሬዲት የሚባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ ቲፕ ኦፍ ማይ ተንግ (tipofmytongue) የሚባል ቦታ አለ፣ ስራ የሌላቸው የሚመስሉ ግን ጎበዝ ሰዎች ቁጭ ብለው የሰው ፊልም ይፈልጋሉ። ስትጽፉ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳያችሁት፣ ፊልሙ የህንድም የሆንግ ኮንግም ሊሆን እንደሚችል ግለጹ፣ አለዚያ የአሜሪካ ብቻ ነው የሚመስላቸው። ያላያችሁትን አትሙሉ፣ "መጨረሻውን አላየሁም፣ አስወጥተውኝ ነው" ማለት መረጃ ነው። ቻትጂፒቲንም መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ግን እሱ አላውቅም ማለት ይከብደዋል፣ የሆነ ስም በድፍረት ይሰጣችኋል፣ ስለዚህ ትሬይለሩን ዩቲዩብ ላይ ሳታዩ "አገኘሁት" ብላችሁ ለሰው አትደውሉ።

ውሃ አምጣ የተባላችሁበትስ?

ይሄ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የመሳሳሙ ሙዚቃ ሲጀምር አባት ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ "አንተ፣ ሂድ ውሃ አምጣልኝ" ይላል፣ ውሃው ከፊቱ ተቀምጦ እያለ። ስትመለሱ ሰዎቹ መኪና ውስጥ ናቸው። የፊልሙ መሃል ላይ ኩሽና ትዝ የሚላችሁ ከሆነ እዛ ጋ ፍቅር ነገር ነበረ ማለት ነው፣ ፍለጋችሁ ላይ ጨምሩት፣ ያገኛችሁት ፊልም ላይ እንደዛ አይነት ትእይንት ከሌለ የተሳሳተ ፊልም ነው የያዛችሁት።

ስታገኙት

ሙሉውን ከማየታችሁ በፊት ያቺን ቦታ ብቻ ዩቲዩብ ላይ እዩ። አብዛኛው ሰው ይስቃል፣ ደሙ ቀለም ነው፣ እባቡ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ የተሰራ እንደሆነ ያስታውቃል፣ እና ያስፈራችሁ ነገር ሙሉ ፊልም ይመስላችሁ የነበረው የጥቂት ሰኮንድ ነገር ሆኖ ይገኛል። የማይስቅም አለ። አንዳንዱ ያየው ነገር እውነትም ለልጅ አይደለም፣ አሁንም ሲያስበው ይከብደዋል፣ ለሱ የምለው ቀን ላይ እየው፣ ብቻህን አትሁን፣ ድምጹን ደግሞ መጀመሪያ ዝጋው፣ የአስፈሪ ፊልም ጉልበቱ ግማሹ ድምጹ ላይ ነው፣ ሲዘጋ ሰዎቹ እየተወኑ እንደሆነ ይታያል። ልጆቻችሁ ሶፋው ላይ ካሉ ደግሞ ተዉት፣ "እኛ በናንተ እድሜ አይተነው ምን ሆንን" የሚለውን ወሬ እኔ አልቀበልም፣ ምን እንደሆንን እኮ ይኸው ስንት አመት ቆይተን ስሙን እየፈለግን ነው።

ሙሉውን ለማየት ስትከፍቱ ርዝመቱን አረጋግጡ። ለምሳሌ ሾሌይ ሲኒማ የገባው ወደ 198 ደቂቃ ነው፣ በጫማው የሚገድልበት ግን 204 አካባቢ ነው፣ ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ለሰአት ተብሎ ተቆርጦ ያጠረ ሞልቷል። ደቂቃው ካነሰ ያቺ ቦታ ተቆርጣ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ኮፒ ፈልጉ።