መብራት እየሄደ በሚመጣበት ቤት ፍሪጅን እንዴት እንያዝ?

ፍሪጅ ቅዝቃዜ አያመርትም። ውስጡ ያለውን ሙቀት እየሳበ በጀርባው ወይም በጎኑ ወደ ውጭ ያወጣል። ሥራው ይኸው ነው። ሙቀቱ መውጫ ካጣ ሞተሩ ሳያርፍ ይሠራል። በሩ ካልገጠመ የወጣው ሙቀት ተመልሶ ይገባል። ኮረንቲው ከወረደ ሞተሩ መነሳት ያቅተዋል። እኛ አገር ፍሪጅ ከሚገድሉት ዋነኞች አንዱ ይህ የመጨረሻው ነው። ከታች ያለውን ስታነቡ ነገሩ በየቦታው ወደ መብራት ቢመለስ አይግረማችሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ

ጀርባው ላይ ወይም ከውስጥ በጎኑ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ (ኮረንቲው በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ነው። ከአሜሪካ በኮንቴይነር የተላከ ፍሪጅ ግን በአብዛኛው 115 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። እንዳለ ከሰካችሁት ሞተሩ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርድላችኋል፣ ኸርዙን ግን አይቀይርም። ስለዚህ ሞተሩ እየጋለ ነው የሚሠራው። ዘመድ ፍሪጅ ልላክላችሁ ካለ፣ እኔ ብሆን ብሩን ልኮ እዚሁ እንዲገዛ ነው የምለምነው። ሳዑዲም 60 ኸርዝ ስለምትጠቀም ከዚያ የሚመጣውን ጽሑፉን ሳታዩ አትሰኩ። የዱባዩ በቮልትም በኸርዝም ይስማማል። ስፒናው ግን ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ነው። አስማሚ እየደረባችሁ ከመሰካት በኤሌክትሪሺያን አስቀይሩት፣ የግራውንዱ ሽቦም አብሮ መታሰሩን አረጋግጡ።

እዚያው ጽሑፍ ላይ ፍሪጁ የተሠራበትን የአየር ጠባይ የሚናገሩ ፊደሎች አሉ። «ቲ» (T) የሚል ካለ የክፍሉ ሙቀት እስከ 43 ዲግሪ ቢደርስም ይሠራል። ለድሬዳዋ፣ ለጋምቤላና ለአፋር የሚሆነው እሱ ነው። «ኤን» (N) ከ16 እስከ 32 ዲግሪ ላለ ክፍል ነው። «ኤስኤን» (SN) ደግሞ ከ10 ዲግሪ ይጀምራል። ለደጋ ሰው ይህ ቁም ነገር ነው። ብዙ ፍሪጆች ሙቀት የሚለኩት በታችኛው ክፍል ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ውስጥ ከቤት ተለይቶ የተሠራ ኩሽና በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት በጣም ይቀዘቅዛል። ያኔ ፍሪጁ «በቅቶኛል» ብሎ ሞተሩን አያስነሳም፣ ላይ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ስጋ ይላላል። ሰው ፍሪጁ የተበላሸ ይመስለውና ባለሙያ ይጠራል። መፍትሔው ፍሪጁን ሞቅ ወዳለው የቤቱ ክፍል ማስገባት ነው።

ማጓጓዝና ማስቀመጥ

ፍሪጅ ቆሞ ነው የሚጓጓዘው። ከተጋደመ በሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ቧንቧዎቹ ይፈሳል። የግድ ተጋድሞ ከመጣ ሳትሰኩት ቆሞ እንዲያድር አድርጉ። ቆሞም ቢመጣ ጥቂት ሰዓት ማሳረፉ አይጎዳም።

ከግድግዳው ቢያንስ አንድ መዳፍ ያህል ራቅ አድርጉት፣ ከላዩም ክፍት ይሁን። ፀሐይ ከሚመታው መስኮት፣ ከምድጃና ከምጣድ አርቁት። የፊት እግሮቹን ትንሽ ከፍ ብታደርጉ በሩ በራሱ ተመልሶ ይገጥማል። እላዩ ላይ ጨርቅ ማልበስ፣ ካርቶንና ፌስታል መደራረብ ይቅር፣ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል።

መብራቱ

ፍሪጅ የራሱ የግድግዳ ሶኬት ያስፈልገዋል። ቴሌቪዥን፣ ቻርጀርና ፍሪጅ የተሰለፉበት ዲቫይደር የእሳት አደጋ ነው። ከሁሉ የከፋው ከእንጀራ ምጣድ ጋር መስመር መጋራት ነው። ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል። ምጣዱ ሲበራ የቤቱ አምፖል ደብዘዝ ካለ ቮልቱ ወርዷል ማለት ነው። በዚያች ሰዓት የፍሪጁ ሞተር ሊነሳ ቢሞክር ይታገላል፣ ይግላል፣ በሂደትም ይቃጠላል። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት አምፖሉ በጣም የሚደበዝዝ ከሆነ ፍሪጁን ነቅላችሁ በሩን ሳትከፍቱ ጋግሩ። ለአንድ ሁለት ሰዓት ምንም አይሆንም።

ሌላው ክፉ ሰዓት መብራቱ የሚመለስበት ነው። ሲመጣ ብልጭ ድርግም ይላል፣ አንዳንዴም ቮልቱ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ይመጣል። ደግሞ አሁን የቆመ ሞተር ወዲያው መነሳት አይችልም። ቧንቧው ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት እስኪስተካከል ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ወዲያው ንቀሉት። ሲመለስ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ፣ መርጋቱን አይታችሁ ሰኩት። ይህን ልጆችም የቤት ሠራተኛም እንዲያውቁት አድርጉ፣ መብራት እናንተ ቤት እስክትገቡ ጠብቆ አይጠፋምና።

ቀን ቤት ሰው የማይኖር ከሆነ ግን ስታቢላይዘር፣ ማለትም የመብራቱን ቮልት የሚያስተካክል ዕቃ፣ ግዙ። ሁለት ነገር እዩበት። አንደኛ፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚለቅ ይሁን። ሁለተኛ፣ አቅሙ ይብቃ። ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባል። በፍሪጁ ዋት ልክ የተገዛ ትንሽ ስታቢላይዘር ያን ጊዜ አይችለውም። ለስታቢላይዘር የሚወጣው ብር ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ሞተር ማስቀየር ግን ከዚያ በላይ ነው።

የመጀመሪያው ቀንና ቁጥሩ

ውስጡን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ጠርጋችሁ አድርቁት። ከዚያ ሰኩትና ባዶውን ጥቂት ሰዓት ይሥራ። ከቀዘቀዘ በኋላ ነው ዕቃ የሚገባው።

ከ1 እስከ 7 የሚዞረው ቁልፍ ዲግሪ አይደለም። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቅዝቃዜው ይጨምራል። መካከለኛው ላይ ጀምሩ። ትክክለኛውን ለማወቅ ቴርሞሜትር በውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ከታችሁ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አሳድሩት። ጠዋት ከ5 ዲግሪ በታች፣ ግን ከዜሮ በላይ ሊሆን ይገባል። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው።

ምን የት ይቀመጥ?

ጥሬ ስጋና ዶሮ ሁልጊዜ በክዳን ዕቃ ሆነው ታችኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ። ደሙ ሰላጣው ላይ እንዳይንጠባጠብ ነው። የበሩ ኪስ ከሁሉም የሚሞቀው ቦታ ስለሆነ ወተት እዚያ አታቁሙ፣ ወደ ውስጥ አስገቡት። በሩ ለአዋዜና ለለስላሳ ይሁን። ቅቤ ሽታ ይሰጣል፣ ሽታም ይቀበላል፣ ክዳኑን አጥብቁ። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ሙዝና ያልበሰለ ቲማቲም ውጭ ይሻላቸዋል። እንጀራ ፍሪጅ ውስጥ ቶሎ አይሻግትም፣ ግን ይደርቃል። በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አስገቡት።

ቤት ውስጥ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ ያልተከፈተው ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል። ፍሪዘር ውስጥ ወይም የኋላውን ግድግዳ አስነክታችሁ አታስቀምጡት። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢሟሟም አይሠራም፣ ይጣላል።

አሁን ወደ በዓሉ ድስት። ዶሮ ወጥ ተሠርቶ ሌሊቱን ምድጃው ላይ የሚያድርበት ቤት ብዙ ነው። «በርበሬና ቅቤ ስላለው አይበላሽም» ይባላል። በዚህ አትተማመኑ። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ዘሩ ከሚፈላ ወጥ እንኳ ይተርፋል፣ ትልቁ ድስት ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይራባል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ እንዳይቆይ ነው። ግን የጋለ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ መክተትም አይሆንም። ሌላውን ሁሉ ያሞቀዋል። ወጡን ጠለቅ በማይሉ ትንንሽ ዕቃዎች አከፋፍሉት፣ ዕቃዎቹን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁሙ። እንፋሎቱ ሲያቆም ክደኑና አስገቡት። ከ3 እስከ 4 ቀን ውስጥ ብሉት። ስታሞቁ የምትበሉትን ያህል ብቻ አውጥታችሁ በደንብ ይፍላ። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ በፍሪጅ ቅዝቃዜም ስለሚራባ ነፍሰ ጡር ላለበት ቤት ይህ በጥብቅ የሚያዝ ነው።

የቅርጫ ስጋ ሲመጣ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ትልቅ ፌስታል አጭቆ ፍሪዘር መክተት ይለመዳል። መሀሉ በረዶ እስኪሆን ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን እየለያችሁ፣ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ጠቅልሉ። ጥቅሎቹ መሀል አየር እንዲያልፍ ክፍተት ተዉ፣ ከጠነከሩ በኋላ ትደራርቧቸዋላችሁ። ቀኑን ጻፉባቸው። ስጋ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያ በቀዘቀዘ ፍሪዘር ለ10 ቀን ከቆየ የኮሶ እጭ ይሞታል። ባክቴሪያ ግን ይተኛል እንጂ አይሞትም፣ በረዶ የነበረ ስጋ ለጥሬ ያመቸ ሆነ ማለት አይደለም። በረዶውን ስታሟሙ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ፍሪጁ ውስጥ ታች አሳድሩት።

መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ

በሩን አትክፈቱ። በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ ወደ 4 ሰዓት ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ እስከ 24 ሰዓት። ስለዚህ ባዶውን ቦታ በሃይላንድ ውሃ ሙሉት። ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ አፉ ድረስ አትሙሉ። መብራት ሲጠፋ በሩን አንዴ ብቻ ከፍታችሁ በረዶ ከሆኑት ሃይላንዶች ሁለቱን ወደ ታችኛው ክፍል ብታወርዱ ወተቱንና ስጋውን ያቆዩላችኋል።

ለክፍለ አገር ጉዞ ስትወጡ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ይሁን፣ ላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጡ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ታች ሰምጦ ካገኛችሁት ፍሪዘሩ ሟሙቶ እንደገና በረዶ ሠርቷል። ያን ጊዜ ስጋው ደህና ቢመስልም ጣሉት። ውስጡ ገና የበረዶ ፍንጣሪ ያለበት ስጋ ግን ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ጥርጣሬ ካላችሁ «እስቲ ልቅመሰው» አትበሉ። አንዳንድ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ሽታም ጣዕምም የለውም፣ ቢፈላም አይጠፋም። ምግብ መጣል ያማል፣ በተለይ በዚህ ኑሮ። ሐኪም ቤት ግን ከዚያ ይብሳል።

ጽዳትና በረዶ ማውጣት

የፍሪዘሩ በረዶ ግማሽ ሴንቲሜትር ሲሆን አውጡት። ንቀሉ፣ ዕቃውን አውጥታችሁ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ የሞቀ ውሃ በሳህን አስገቡና በሩን ክፍት ተዉት። ከታች ጨርቅ አንጥፉ። ቢላ፣ ጠመንጃ መፍቻ፣ ሹል ነገር በጭራሽ አይነካው። ጋዙ የሚሄድባቸው ቧንቧዎች ከስስ ግድግዳ ጀርባ ናቸው። በዛሬዎቹ ብዙ ፍሪጆች ውስጥ ያለው «አር 600 ኤ» (R600a) የተባለው ጋዝ አይሶቡቴን ነው፣ ይቀጣጠላል። «ሽሽ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉ፣ ክብሪት አትጫሩ። መስኮት ከፍታችሁ ውጡ። ጋዝ ሊሞላ የሚመጣ ባለሙያም መጀመሪያ ጽሑፉን ያንብብ። ሳያነብ «ያው ነው» ብሎ ሌላ ጋዝ ሊጨምር የሚል ከሆነ አሰናብቱት።

አትክልት መሳቢያው ስር ውሃ ከተጠራቀመ፣ በውስጠኛው የኋላ ግድግዳ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ተደፍናለች። በስትሮ ለብ ያለ ውሃ እየጨመራችሁ ክፈቷት። የበሩን ጎማ በሳሙና ውሃ ጥረጉ። ወረቀት በሩ መሀል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት፣ ያለ ትግል ከወጣ ጎማው ላልቷል። ጀርባው ላይ ያለውን ጥቁር ፍርግርግ በዓመት ሁለቴ፣ ነቅላችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ ከአቧራ አጽዱ። በበጋ አቧራው ሲበዛ ደግሞ ጨምሩ።

በዐቢይ ጾም ፍሪጁን የሚያጠፉ ቤቶች አሉ። ጥሩ ነው፣ ግን አድርቃችሁ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት። ተዘግቶ ከቆየ ይሻግታል። ሕፃን ካለ በሩ እንዲገረበብ እንጂ በደንብ እንዳይከፈት በገመድ እሰሩት። ሞቶ ግቢ ውስጥ የሚቀመጥ ፍሪጅ ከሆነ ደግሞ በሩን ከማጠፊያው ፈትታችሁ ለብቻው አስቀምጡ። ልጆች ሲደባበቁ ይገቡበታል፣ በሩ ከተዘጋ አየር አይገባም፣ ጩኸታቸውም አይሰማም።