ተጨባጭ ችግርን ወደ ክፍል ሲያመጡ፦ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ለሚያስተምር መምህር የሚያስተምርበት ችግር አይጠፋም። ቦርከና ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ይወርዳል፤ በልግ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል፤ የቆላው ማሽላ ከአቀንጭራ አረም ጋር ይታገላል። የሚያስቸግረው እነዚህን ወደ ኮርስ መቀየሩ ነው። በጎ ሐሳብ ይዘው የተነሱ ፕሮጀክቶች ብዙውን ጊዜ የሚበላሹት በሚከተሉት ስህተቶች ነው።

ርዕስን እንደ ችግር መቁጠር

«የቦርከና ወንዝ ብክለት» ርዕስ ነው። ይህ የተሰጠው ተማሪ ስለ ወንዝ ብክለት መንስኤ፣ ጉዳትና መፍትሔ ከኢንተርኔት ሃያ ገጽ ለቅሞ ያመጣል፤ የወንዙ ስም በአዋሽ ቢተካ ከሪፖርቱ አንድ መስመር አይለወጥም። ችግር የሚባለው ባለቤት፣ ቦታ፣ ቀነ ገደብና መወሰን ያለበት ነገር ሲኖረው ነው። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ከኮምቦልቻ በታች ቦርከናን ጠልፈው ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ውሃ ለሽንኩርት ይሆናል? ካልሆነ ምን ይትከሉ?»

ጥያቄው እንዲህ ሲጠብ የሚለካው ነገር ራሱ ይታያል። ሽንኩርት ጨው አይችልም። በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የመስኖ ውሃ መመሪያ መሠረት፣ የጨው መጠን የሚለካበት የውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም 0.8 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል። ስለዚህ ተማሪው ይህን መለካት፣ የሶድየምን መጠን ከካልሲየምና ከማግኒዥየም ጋር ማመዛዘን፣ ናሙናውንም ከአንድ ጊዜ በላይ መውሰድ አለበት። ወንዙ እየቀነሰ ሲሄድ የቆሻሻውና የጨው ድርሻ ከፍ ስለሚል በጥቅምት ብቻ የተቀዳ ናሙና ስለ መጋቢት አይናገርም።

መምህሩ ራሱ ሳይሠራው መስጠት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ችግሩ ኮርሱን ይጠይቅ እንደሆነ የሚታወቀው መምህሩ ከሴሚስተሩ በፊት እስከ መልሱ ድረስ ሲሠራው ብቻ ነው። ሲሠሩት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የትኛው ምዕራፍ የግድ ያስፈልጋል? ኮርሱን ያልወሰደ ብልህ ሰው ይመልሰዋል? የሁለተኛው መልስ «አዎ» ከሆነ ችግሩ ለሌላ ኮርስ ይቆይ።

ለሃይድሮሎጂ ኮርስ የሚሆን አንድ ችግር እንይ፦ በደጋው 80 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ስድስት ሰው የሚኖርበት ቤት የጣሪያ ውሃ ለማጠራቀም ስንት ሊትር የሚይዝ ሮቶ ይግዛ? አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶ 0.8 ይደርሳል ብንል እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 64 ሊትር ይሰጣል። በሰው 20 ሊትር ቢታሰብ የቀኑ ፍጆታ 120 ሊትር ነው። እስከዚህ ድረስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ይሠራዋል።

ኮርሱ የሚያስፈልገው በልግ ሲገባበት ነው። በልጉ የካቲት ላይ ከጣለ ቤተሰቡ ከጥቅምት እስከ ጥር ለ120 ቀን 14,400 ሊትር ይበቃዋል፤ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ሁለት ማለት ነው። በልጉ ከቀረ ግን እስከ ሰኔ መጨረሻ 270 ቀን፣ 32,400 ሊትር፣ አራት ሮቶ ይፈልጋል። የየወሩን አማካይ ዝናብ ወስዶ የሚያሰላ ተማሪ በሁለቱ መካከል ያለ ቁጥር ያገኛል። ያ ቁጥር በልግ በጣለ ዓመት ያለአግባብ ገንዘብ ያስወጣል፣ በቀረ ዓመት ደግሞ ያስጠማል። «በልጉ ከስንት ዓመት አንዴ ይቀራል?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚገደደው እዚህ ላይ ነው፤ የድግግሞሽ ትንተና ምዕራፍም መማር ያለበት በዚያው ሳምንት ነው። ትምህርቱን ከችግሩ በፊት ጨርሶ መስጠትም፣ ተማሪውን ያለ ትምህርት ከችግሩ ጋር ጥሎ መሄድም አይጠቅምም። በ1969 እ.ኤ.አ. በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርትን በችግር ላይ መሥርተው የጀመሩት እንኳ ለትንንሽ ቡድኖች አብሮ የሚቀመጥ መምህር መድበው ነበር።

መረጃውን ሳይፈትሹ ማደል

የሜትሮሎጂ መረጃ የተመዘገበው በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ሲሆን የገበያ ዋጋና የገበሬው ትዝታ በእኛ ነው። የጁላይ ዝናብ ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ያለውን ይይዛል፤ «ጁላይ ሐምሌ ነው» ብሎ ያጣመረ ተማሪ በየወሩ አንድ ሳምንት ያህል ይስታል፣ ጳጉሜንም የሚያስገባበት ያጣል። ዕለታዊ መረጃ ካለ በቀን አዛምዶ ከዚያ በወር መደመር ነው መፍትሔው።

ባዶ ሕዋስ ሌላው ወጥመድ ነው። ያልተመዘገበ ቀን ዜሮ ዝናብ አይደለም፤ በኤክሴል ላይ በዜሮ ከተሞላ ደህና የነበረው ዓመት ድርቅ ይመስላል። መሬት በጥማድ፣ እህል በቁና ሲነገርም አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው ብሎ ማለፍ አይበቃም። ጥማድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስለሆነ በዳገትና በሜዳ ይለያያል። ቢያንስ ሦስት ማሳ በሜትር ይለካ። ቁናው ደግሞ እዚያው ቦታ ሚዛን ላይ ይውጣ።

ያለ ዝግጅት ወደ ገጠር መላክ

በወሎ ገጠር ወረቀት ይዞ ስለ ከብት ብዛት የሚጠይቅ እንግዳ ለሴፍቲኔት ወይም ለግብር የሚመዘግብ ይመስላል። መልሱም በዚያ ልክ ይታጠፋል፤ ያለው በሬ ይደበቃል፣ የቤተሰቡ ቁጥር ይጨምራል። ተማሪው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚያጠና፣ እርዳታም ሆነ ግብር እንደሌለው ገና ከሰላምታው በኋላ ይናገር። ስለ ውሃና ስለ ሰብል አስቀድሞ፣ ስለ ሀብት መጨረሻ ላይ ይጠይቅ። ያም ለጥናቱ ካላስፈለገ ባይጠየቅ ይሻላል።

ቀኑም ይታሰብበት። ሕዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሰዓት ነው፤ ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ በአካባቢው ቤት ውስጥ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ለገበያ ጥናት ግን ከዚያ የተሻለ ቀን የለም። የትብብር ደብዳቤው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ለወረዳው ይድረስ፣ ግልባጩ ለቀበሌው። ስልሳ ተማሪ በአንድ አውቶቡስ አንድ ጎጥ ላይ ማራገፍ ነዋሪውን ያስቸግራል፤ ሁለት ሁለት ሆነው ቢሄዱ ይበቃል።

ቡድኑን አብዝቶ አንድ ውጤት መስጠት

አሥር ሰው ባለበት ቡድን ሦስቱ ይሠራሉ፣ ሰባቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ከአራት እስከ አምስት ይሁኑ። ምዕራፍ እንዳይከፋፈሉ ለመከላከል አቀራረቡ ላይ ማን ምን እንደሚያስረዳ መምህሩ በዕጣ ይምረጥ፤ ስሌቱን የሠራው ስለ ቃለ መጠይቁ፣ ጠያቂው ስለ ስሌቱ ይጠየቅ።

ውጤቱ ሁሉ በመጨረሻው ሪፖርት ላይ ሲንጠለጠል ሥራው በመጨረሻው ሳምንት ይጀመራል። ለፕሮጀክቱ ከተያዘው 100 ነጥብ 15ቱን በ3ኛው ሳምንት ለሚቀርብ የችግር መግለጫ፣ 25ቱን በ8ኛው ሳምንት ከነስህተቱ ለሚቀርብ ጥሬ መረጃ፣ 25ቱን ለስሌትና ትንተና፣ 25ቱን ለግል የቃል ፈተና ማድረግ ይቻላል። ቀሪው 10 ለችግሩ ባለቤት በአማርኛ ለሚጻፍ አንድ ገጽ ነው። ነጥቡ ትንሽ ቢሆንም ማን ሥራውን እንደተረዳ የሚያሳየው እሱ ገጽ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሪፖርት ውስጥ በቃላት ተሸፍኖ ያለፈ ክፍተት እዚያ ይጋለጣል።

መልሱን ካለቀ በኋላ ማድረስ

«መጥታችሁ ትጠይቃላችሁ፣ ሄዳችሁ ትቀራላችሁ» የሚለው የገበሬው ወቀሳ የሚመጣው ከዚህ ነው። ችግሩ ለሴሚስተሩ የሚመረጠው ውሳኔው ከሚወሰንበት ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው። የጣሪያው ውሃ ለሁለተኛው ሴሚስተር ይስማማል፦ አንዱ ገጽ በግንቦት መጨረሻ ከደረሰ አባወራው ከሐምሌ በፊት አሸንዳ ለመግጠም አንድ ወር ያገኛል። የቦርከናው ሽንኩርት ለመጀመሪያው ነው፤ የታኅሣሥ ናሙና ካለፈው ዓመት የመጋቢት ልኬት ጋር ተነጻጽሮ ችግኙ ከመደቡ ወደ ማሳ ከመዛወሩ በፊት ለገበሬዎቹ ይነበብላቸው። ያለፈው ዓመት ልኬት ከሌለ የዘንድሮው ተማሪ መጋቢት ላይ ቀድቶ ለቀጣዩ ያስቀምጥ።