የቤት ኪራይ ቅድሚያ ውስጥ ፎርጅድ ብር ሲገኝ ያደረግነው

ድሬዳዋ ቤት ለምታከራዩ ነው። ሳቢያን ያለችውን ሰርቪስ ቤት አንድ ወጣት ተከራየና የሁለት ወር ቅድሚያ በጥሬው አመጣ፤ ደላላውም አብሮን ነበር። ስቆጥር አንዳንዶቹ ባለ 200 ብሮች እጄ ላይ ለሰለሱብኝ። ደህናው ብር ሻከር ይላል፣ ሕትመቱን በጥፍር ስትነኩት ይሰማችኋል። መስኮቱ ጋ ወስጄ ብርሃን ላይ ሳያቸው ወረቀቱ ውስጥ መታየት ያለበት ምስል የለም፣ ክሩም ውስጥ የገባ ሳይሆን ላዩ ላይ የተለጠፈ ነው። ሁለቱ ደግሞ ቁጥራቸው አንድ ዓይነት! በዚህ አለቀ።

ልጁ ክው አለ። ባጃጁን ሸጦ የተቀበለው ገንዘብ ነው። ደላላው «ገበያ ላይ ቀላቅለህ አጥፋው» አለው፣ እኔ ግን በፍጹም አልኩ። ወንጀል ነው፤ ደግሞም የሚደርሰው መጋላ ጉሊት ላይ ቲማቲም ለምትሸጥ እናት ነው።

ባንክ ፎርጅድ ብር ይይዛል እንጂ አይቀይርም። ስለዚህ የብሮቹን ቁጥር ጻፍን፣ ፎቶ አነሳን፣ ሦስታችንም ፈርመን ፖሊስ ጣቢያ አስረከብን። የባጃጁ ሽያጭ ውል ላይ የገዢው ስም ስላለ ማጣራቱ ከዚያ ጀመረ። ልጁ ሳይሸሽ አብሮኝ ስለሄደ አመንኩት፣ ቁልፉንም ሰጠሁት፤ የጎደለውን ደመወዝ ሲወጣ እንዲሞላ ውላችን ላይ አሰፈርን።

አሁን ቅድሚያ የምቀበለው በባንክ ወይም በቴሌብር ነው። በጥሬው ካልሆነ የሚል ካለ ባንክ አብረን ሄደን የባንኩ ገንዘብ ከፋይ ሠራተኛ ፊት ይቆጠራል፣ ውሉ የሚፈረመው ከዚያ በኋላ ነው።